በእንቅልፍ የሚታረም ዓይን

ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ ማንጎ ጥላ ሥር ሁለት ሰዎች ቡና ይዘው ተቀምጠዋል። አንደኛው የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ ልጅ ሳለች እሳቸው ዘንድ የተማረች፣ ኋላም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ አጥንታ ወዳደገችበት ከተማ የተመለሰች የዓይን ባለሙያ ናት። ጭውውቱን ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ ለሰዎቹም ሆን ብዬ ስም አልሰጠኋቸውም። ጥያቄው ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ዘመዶቻቸው ኦማሃና ሚኒሶታ የሚኖሩ የጋምቤላ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ስልክ ሲደወል ከሰላምታው ጋር የአዳዲስ ሕክምና ወሬም ይመጣል። እንዲህ ያለው ወሬ ሲደርስ አባት ምን ይጠይቃል? ባለሙያዋስ ሳታስጎመጅም ሳታስፈራራም ምን ብላ ትመልስለታለች?

መምህሩ፦ ከሥሩ ልንገርሽ። የወንድሜ ልጅ ኦማሃ ነው የምትኖረው። ሰሞኑን ስትደውል የልጄን የዓይን ነገር አነሳሁባት። አምስተኛ ክፍል ናት፤ ሰሌዳ አይታያትም፤ ማይነስ ሦስት ተኩል ተብሎ መነጽር ታዞላታል። ምን አለችኝ መሰለሽ? «አጎቴ፣ መነጽሩ ይቅርባት። የኔ ልጅ ማታ ሲተኛ ሌንስ ያደርጋል፣ ጠዋት ያወጣዋል፣ ከዚያ ያለ መነጽር ኳሱን ሲያባርር ይውላል።» እንቅልፍ ዓይን ያክማል ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ እስኪ አንቺ ፍረጂ ብዬ መጣሁ።

ባለሙያዋ፦ እውነቷን ነው፣ ጋሼ። ኦርቶኬራቶሎጂ ይባላል፤ ሲያሳጥሩት ኦርቶ ኬ ይሉታል። ብቻ ልጁ የዳነ መስሏችሁ ከሆነ እሱን እናርመው። ሌንሱ ዓይኑን ለቀኑ ያቃናለታል እንጂ አያድነውም። ልጁ ሌንሱን ቢተው በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት ውስጥ ዓይኑ ወደ ተፈጥሮ ቅርጹ ይመለሳል፤ ቁጥሩም ተከትሎት ይመጣል።

መምህሩ፦ እንግዲያው በየሌሊቱ ነው።

ባለሙያዋ፦ በየሌሊቱ፤ ሰባትና ስምንት ሰዓት ያህል።

መምህሩ፦ እንዴት ነው ታዲያ የሚያቃናው? ለተማሪ እንደምታስረጂ አድርገሽ ንገሪኝ።

ባለሙያዋ፦ እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት፤ ከሒሳቡ እንጀምር። አንድን ለሦስት ተኩል ያካፍሉ።

መምህሩ፦ ዜሮ ነጥብ ሁለት ስምንት... ዘጠኝ የምትጠጋ።

ባለሙያዋ፦ በሜትር ነው። ልጅዎ ያለ መነጽር ጥርት አድርጋ የምታየው እስከ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ድረስ ነው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ይደበዝዝባታል።

መምህሩ፦ ደብተሯ ከዓይኗ የሚርቀውን ያህል ማለት ነው። ለዚህ ነዋ መጽሐፍ እያነበበች ሰሌዳ የሚያቅታት! እንዲህ ያሉ ልጆች ስንት ጊዜ «ሰነፍ» ተብለው ኋላ ወንበር ላይ እንደቀሩ እግዜር ይወቀው።

ባለሙያዋ፦ ብዙዎቹ እነሱ ራሳቸው ችግሩን አያውቁትም፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ ይመስላቸዋል። ነገሩ የሚመጣው ዓይን ከፊት ወደ ኋላ ሲረዝም ነው። የአዋቂ ሰው ዓይን ርዝመት 24 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ሲተርፍ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ቁጥር ማይነስ ያመጣል። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ሬቲና ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰብና ምስሉ ይደበዝዛል። የረዘመን ዓይን ማሳጠር አይቻልም። ግን ብርሃኑን የመሰብሰቡን ሥራ ሁለት ሦስተኛ ያህል የሚሠራው ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው፤ ኮርኒያ እንለዋለን፣ ሰዉ የዓይን ብሌን ይለዋል። መሃሉን ትንሽ ጠፍጠፍ ብናደርገው ብርሃን የመስበር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ምስሉም ወደ ኋላ ተገፍቶ ሬቲናው ላይ ያርፋል።

መምህሩ፦ ገባኝ። ሸክላ ሠሪ ጭቃዋን በመዳፏ እንደምትጫነው ነው።

ባለሙያዋ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ሌንሱ ግን በክብደቱ አይጫንም። በደንብ የተለካ ሌንስ የብሌኑን መሃል እንኳ አይነካም፤ በመካከላቸው በጣም ስስ የእንባ ሽፋን ይቀራል። ሥራውን የሚሠራው ያ እንባ ነው። የሌንሱ ጀርባ መሃሉ ላይ ጠፍጣፋ ነው፤ ከመሃል ወጣ ሲል ጎድጎድ ይላል። በዚህ ልዩነት የተነሳ እንባው መሃሉን ሲገፋ ዙሪያውን ይስባል፤ የብሌኑ የላይኛው የሕዋስ ሽፋን መሃሉ ላይ ይሳሳል። መላው ብሌን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። የላይኛው ሽፋን 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የሚሊ ሜትር ሃያኛ ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ለማረም ከዚያ የሚቀነሰው 20 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ያንሳል።

መምህሩ፦ የፀጉር ውፍረት የማይሞላ ነገር ልጅን ሰሌዳ ያሳያል! ይህን ማን አሰበው?

ባለሙያዋ፦ ጆርጅ ጀሰን የሚባል የቺካጎ ኦፕቶሜትሪስት በአውሮፓውያኑ 1962 ሐሳቡን ለባለሙያዎች አቀረበ። የጠንካራ ሌንስ ተጠቃሚዎች ቁጥር አንዳንዴ እንደሚቀንስ ይታይ ነበር፤ እሱ ይህን ሆን ብሎ ለሕክምና ማዋል ይቻላል አለ። ግን የዚያ ዘመን ሌንስ አየር የማያሳልፍ ፕላስቲክ ስለነበር ቀን ቀን ብቻ ነበር የሚደረገው፤ ውጤቱም ወጥ አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው ኦክስጅን የሚያሳልፍ ጠንካራ ሌንስ ሲመጣና በ1980ዎቹ መጨረሻ ያ የነገርኩዎት ጎድጓዳ ዙሪያ ሲሠራለት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሌሊት የሚደረገውን ሌንስ በ2002 ፈቀደ፤ እስከ ማይነስ ስድስት ድረስ።

መምህሩ፦ የኔ ልጅ ሦስት ተኩል ናት። ትገባለች።

ባለሙያዋ፦ በቁጥሩ ትገባለች።

መምህሩ፦ «በቁጥሩ» ስትይ ሌላ ነገር እንዳለ አወቅሁ። ቆይ፣ ወደሱ ሳትሄጂ ጥቅሙን ጨርሺልኝ። የወንድሜ ልጅ ቁጥሩ እንዳይጨምርም ያግዳል ብላኛለች።

ባለሙያዋ፦ ያግዳል ሳይሆን ያዘገየዋል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከስድስት እስከ አስር ዓመት ያሉ ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ ለግማሾቹ ተራ መነጽር፣ ለግማሾቹ ይህን ሌንስ። ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። የሌንስ ተጠቃሚዎቹ ዓይን የረዘመው ከመነጽረኞቹ በ43 በመቶ ቀንሶ ነው። ውጤቱ የታተመው በ2012 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶችም ወደዚያው የሚጠጋ ውጤት አግኝተዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ጋሼ። ዓይን በረዘመ ቁጥር ሬቲናው ይወጠራል፤ ቁጥሩ በጣም ከፍ ያለ ሰው በጎልማሳነቱ የሬቲና መላቀቅና ግላኮማ የሚያገኘው ዕድል ይጨምራል። ጥቅሙ ከመነጽር መገላገል ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእርስዎ ጋር ይህን ያህል አልቀመጥም ነበር።

መምህሩ፦ ታዲያ ምኑ ያሳስብሻል? ዋጋው ነው?

ባለሙያዋ፦ ዋጋውም አለ፤ አሜሪካ ለመጀመሪያው ዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ ይጠየቃል። ግን ገንዘቡን ዘመድ አዋጥቶ ይከፍላል እንበል። የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። ብሌን የደም ሥር የለውም። ቀን ኦክስጅኑን የሚያገኘው ከአየር ነው፤ ዓይን ሲከደን ደግሞ ከቆቡ ውስጠኛ ክፍል በሚያገኘው ትንሽ ኦክስጅን ያድራል። በዚያ ላይ ሌንስ ሲጨመር የላይኛው ሽፋን መከላከያው ይደክማል። ትንሽ ጭረት ካለ ጀርም መግቢያ ያገኛል። ለዚህ ነው የሌሊት ሌንስ ከቀን ሌንስ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው።

መምህሩ፦ ውኃችንን እያሰብሽ ነው አይደል? ባሮን።

ባለሙያዋ፦ ባሮን ብቻ አይደለም። የትኛውም ውኃ ሌንስ አይንካ ነው ሕጉ። የኦማሃ ቧንቧም፣ የታሸገ ውኃም ቢሆን። አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ፍጥረት አለ፤ በሐይቅ፣ በወንዝ፣ በቧንቧ፣ በአፈር ውስጥ ይኖራል። ስንጠጣው ብዙም አይጎዳንም። ከሌንስ ጋር ተጣብቆ ብሌን ላይ ካደረ ግን ሕመሙ ከባድ ነው፤ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ጠባሳም ይተዋል። ይህ ሌንስ ቻይና፣ ታይዋንና ሆንግ ኮንግ በሰፊው ሲገባ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ብዙ ልጆች ብሌናቸው ቆሰለ። በመጀመሪያ ከተመዘገቡት ሃምሳ ሕሙማን መካከል ሲሶ ያህሉን ያመማቸው ይኸው አካንታሚባ ነበር። ሌንስን በቧንቧ ውኃ ማለቅለቅ እንዲቆም አጥብቀው የመከሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

መምህሩ፦ ቁጥር ስጪኝ። ከስንት ልጅ ስንቱ?

ባለሙያዋ፦ አሜሪካ ውስጥ በ2013 የታተመ ግምት አለ። 10,000 ልጆች አንድ ዓመት ቢጠቀሙ 14 ገደማ የብሌን ኢንፌክሽን ያገኛቸዋል።

መምህሩ፦ በዓመት ከ700 አንድ። ይቅርታ አድርጊልኝና ልጄ፣ ይህ ትንሽ ነው። በወባው ወቅት የኔ ክፍል ከዚህ የባሰ ነገር ሲያጋጥመው አይቻለሁ።

ባለሙያዋ፦ ትንሽ ነው፤ አልከራከርዎትም። ግን ያ ቁጥር የወጣው በማለዳ ዓይኑ ቀልቶ ቢነሳ ከሰዓት ሐኪም ዘንድ ከሚደርስ ልጅ ነው። እኔ የምጠይቀው ያ ከ700 አንዱ ልጅ ጋምቤላ ቢሆን ምን ይገጥመዋል ብዬ ነው። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ብሌንን በቀናት ውስጥ ሊበሳ ይችላል። ናሙና ተወስዶ ጀርሙ መለየት አለበት፤ ጠብታው በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር መሰጠት አለበት፤ የብሌን ስፔሻሊስት ማየት አለበት። ከዚህ አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ክረምት ከሆነ ደግሞ መንገዱን ያውቁታል። ጠባሳው መሃል ላይ ከቀረ ቀጣዩ ንቅለ ተከላ ነው። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከለጋሾች ብሌን እየሰበሰበ ለብዙ ሰው ብርሃን መልሷል። ግን ብሌን የሚለገሰው ሰው ሲሞት ነው፤ ጠባቂው ብዙ ነው። በመነጽር የምታይ ልጅን ወደዚያ ሰልፍ የሚወስድ መንገድ ላይ ማቆም አልፈልግም።

መምህሩ፦ እዚህ ላይ ነው የምከፋው። አትቆጪኝ፣ አንቺን አይደለም። ግን ጋምቤላ ዕድሜዋን ሙሉ «ለእናንተ ሩቅ ነው» ስትባል ኖራለች። መጽሐፍ ሲመጣ ሩቅ፣ ስፔሻሊስት ሲመደብ ሩቅ። ዛሬ ደግሞ ዓለም ሃያ ዓመት የተጠቀመበት ሕክምና ሲመጣ ያስተማርኳት ልጅ ራሷ «ሩቅ ነን» ትለኛለች። ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት የሚሰጠው እንክብል እኮ ማጃንግ ጫካ ውስጥ ሳይቀር ይደርሳል። የመንደሩ ሰው ራሱ ቁመት በእንጨት እየለካ ያድለዋል። ያንን የቻለ ሕዝብ ሌንስ ማጠብ ያቅተዋል?

ባለሙያዋ፦ አያቅተውም፤ ይህን ጥያቄ በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። ያን እንክብል፣ አይቨርሜክቲንን፣ ማዳረሱ የሰው ብቃት ማስረጃ ነው። ግን ልዩነቱን ልብ ይበሉ። እንክብሉ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ የሚዋጥ ነው፤ አንድ ዙር ቢያመልጥ በሚቀጥለው ይካካሳል። ይህኛው በዓመት 365 ሌሊት ነው። በየማታው እጅ በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መድረቅ አለበት፤ ሌንሱ በራሱ መድኃኒት ይታሻል፤ መያዣው ይደርቃል፣ በየጊዜውም ይለወጣል። የሌንሱ ፈሳሽ ሲያልቅ ሱቁ ከሌለው «ለዛሬ በውኃ» ማለት የለም። የካቲትና መጋቢት ላይ እዚህ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ፈሳሹ የሚቀመጥበት ቦታ ራሱ ሐሳብ ይጠይቃል። የሚከብደው የልጅዎ ንጽሕና አይደለም፤ ሰንሰለቱ ነው። ከሰንሰለቱ አንዱ ቢበጠስ የሚጎዳው ብሌን ነው።

መምህሩ፦ የወንድሜ ልጅ ፈሳሹንም ሌንሱንም እልካለሁ ብላለች። እንዲያውም የልጇ አሮጌ ሌንስ አለ፤ ቁጥሩ ሦስት ነው አለችኝ፤ ለልጄ ይቀርባታል።

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ይህን አያድርጉት! ስለ እግዚአብሔር። ደግመው ይደውሉላትና እንዳትልክ ይንገሯት።

መምህሩ፦ ደነገጥሽ እኮ።

ባለሙያዋ፦ ደንግጫለሁ። ይህ ሌንስ በቁጥር አይገዛም። ለእያንዳንዱ ዓይን፣ ለቀኙም ለግራውም ለየብቻ፣ በብሌኑ ጉብታ ልክ ነው የሚቆረጠው። ያንን ለማወቅ ብሌኑን በሺህ በሚቆጠሩ ነጥቦች የሚለካና ካርታውን የሚስል መሣሪያ አለ፤ ቶፖግራፈር ይባላል። የሌላ ልጅ ሌንስ ቢጠብ ይጣበቃል፤ ቢሰፋ መሃሉን እየፋቀ ያድራል፤ ወደ ጎን ቢንሸራተት ደግሞ የተሳሳተውን ቦታ ያሳሳና ልጅቷ ቀን ላይ ሁለት ሁለት ታያለች። ልኩ ቢገጥም እንኳ የመጀመሪያው ሌሊት ባደረ ጠዋት ባለሙያ ማየት አለበት፤ ከዚያ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ። ሌንሱ ለብቻው ሕክምና አይደለም። ሕክምናው ያ ክትትል ነው። የወንድምዎ ልጅ በፖስታ ልትልክልዎ የማትችለው እሱን ነው።

መምህሩ፦ እሺ፤ ይህን ተቀበልኩ። ዛሬውኑ እደውላለሁ። ግን መልሺልኝ፦ ቶፖግራፈሩ ቢገዛ፣ አንቺም ብትሠለጥኚበት፣ ጋምቤላ ላይ ታደርጊዋለሽ?

ባለሙያዋ፦ አደርገዋለሁ። ደስ እያለኝ። የቆሰለ ብሌን የሚያይ ሐኪም በቅርብ ካለ፣ ጠንካራው ጠብታ መድኃኒት ቤት ውስጥ ካለ፣ ፈሳሹ የማይቋረጥ ከሆነ። ወላጁንም እመርጣለሁ፤ ዓይን ሲቀላ «እስኪ ነገ ያድር» የማይል፣ ዕፅ ጨምቆ ዓይን ውስጥ የማይጨምር ወላጅ። በቅጠል ጭማቂ ብሌኑ ተጎድቶ የመጣ ሕፃን ማየት ምን እንደሆነ አልነግርዎትም። እንዲያውም ለማንኛውም ልጅ ሌንስ ከማሰቤ በፊት የላይኛውን ቆብ ገልብጬ ማየት አለብኝ።

መምህሩ፦ ትራኮማ።

ባለሙያዋ፦ ትራኮማ። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ጋምቤላ ውስጥ ከአምስት ሕፃናት አንዱ ገደማ ንቁ ትራኮማ እንዳለበት ነበር ያገኘው። ሲደጋገም ቆቡ ከውስጥ ይጠባበሳል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞርና ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። በእንዲህ ያለ ቆብ ሥር ሌንስ አይቀመጥም። እናም እዚህ አገር ብሌን ጠላቱ ብዙ ነው፣ ጋሼ፤ ትራኮማው፣ የእሾህና የእህል ገለባ ጭረቱ፣ ኩፍኙ፣ የቫይታሚን ኤ እጥረቱ። ለመጠበቅ የምንታገለውን ነገር ደግሞ በገዛ እጃችን ልንነካው ስንነሳ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን ነው የምለው።

መምህሩ፦ ያ ጥናት ስለ መነጽርስ ምን ይላል?

ባለሙያዋ፦ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ እይታቸው የደከመ ሆኖ ተገኘ። እይታቸው ከደከመው መካከል ሲሶው ችግራቸው የዓይን ቁጥር ነበር። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። የቁጥር ችግር የሚፈልገው አንድ መነጽር ነው! ሰው እሱን አጥቶ በጭጋግ ውስጥ ይኖራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስለ ኦርቶ ኬ ሲጠይቁኝ ሌሊቱን ሳስብ የማድረው ስለ ሌንሱ አይደለም። ተራ መነጽር አፍንጫው ላይ ሳያርፍ ስምንተኛ ክፍል ስለሚደርሰው ልጅ ነው።

መምህሩ፦ መነጽርን ግን አታቅልዪው። አንቺ ከወንበርሽ ሆነሽ ታዝዣለሽ፤ እኔ ክፍል ውስጥ አያለሁ። በዚህ ሙቀት ላብ ያንሸራትተዋል። ኳስ ሲመታው ይሰበራል፤ ተሰብሮ ምትኩ እስኪመጣ ሴሚስተሩ ያልቃል። ሴት ልጅ ስታደርገው «አያት» ይሏታል። የኔዋ ከቤት አድርጋ ትወጣና በር ላይ ስትደርስ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። የወንድሜ ልጅ ወሬ ልቤን ያሸፈተው በዚህ ነው፤ ስንፍና እንዳይመስልሽ።

ባለሙያዋ፦ አልመሰለኝም። የሚሉት ሁሉ ልክ ነው። ደግሞም መነጽር ሰጥቶ ዘወር ማለት ሕክምና አይደለም፤ እሱም ክትትል አለው። ስለዚህ የወንድምዎን ልጅ ገንዘብ በዚህ እንጠቀምበት። ሁለት መነጽር ታሠራላት፤ አንዱ ሲሰበር ሌላው ይቀጥላል። መስተዋቱ ፖሊካርቦኔት ይሁን፤ ኳስ ቢመታው አይፈረካከስም። ከጀርባ የሚያያዝ ማሰሪያ ይኑረው። ፍሬሙን ልጅቷ ራሷ በፎቶ ትምረጥ። የመረጠችውን ቦርሳ ውስጥ አትደብቀውም። ስለ ትምህርቱ ከጠየቁኝ ደግሞ ቻይና ውስጥ፣ ጋንሱና ሻንሺ በሚባሉ ክፍለ ሀገራት፣ 250 በሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ጥናት ተደርጎ ነበር፤ በአውሮፓውያኑ 2014 ታትሟል። ነጻ መነጽር የተሰጣቸው ልጆች በዓመቱ መጨረሻ ከሌሎቹ በአንድ ትምህርት በለጡ። በየትኛው እንደሆነ ይገምቱ።

መምህሩ፦ በሒሳብ አትዪኝ!

ባለሙያዋ፦ በሒሳብ። የለኩት እሱን ነው።

መምህሩ፦ ይህን ለርእሰ መምህሩ እነግራለሁ። ግን የቁጥሩን መጨመርስ? ተራ መነጽር እሱን አያዘገይም መሰለኝ።

ባለሙያዋ፦ አያዘገይም። አነስተኛ መጠን ያለው የአትሮፒን ጠብታ አለ፤ ማታ ማታ አንድ ጠብታ ነው፤ በዓለም ላይ አገልግሎት ላይ እየዋለ ነው። ቁጥሯ በፍጥነት ከጨመረ ከዓይን ሐኪም ጋር የምንነጋገርበት መጀመሪያ እሱ ይሆናል። ሌላው ከሰማይ የምናገኘው ነው። ጓንግዡ ውስጥ በ12 ትምህርት ቤቶች ግማሾቹ ለአንደኛ ክፍል ልጆች በቀን 40 ደቂቃ የውጭ ክፍለ ጊዜ ጨመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ካልጨመሩት ትምህርት ቤቶች 39.5 በመቶ ልጆች ሩቅ ማየት አቃታቸው፤ ከጨመሩት 30.4 በመቶ። ታይዋን ከአውሮፓውያኑ 2010 ጀምሮ ተማሪዎቿን በቀን ሁለት ሰዓት ውጭ አውሉ ብላለች። ሬቲና ደማቅ ብርሃን ሲያገኝ የሚለቀው ዶፓሚን ዓይን እንዳይረዝም ይይዛል ነው የሚባለው።

መምህሩ፦ ብርሃን በሆነማ ጋምቤላ ሀብታም ነው። ልጆቻችን ከብት ሲጠብቁ፣ ዓሣ ሲያጠምዱ ነው የሚያድጉት። የኔዋ ግን... ከተማ ውስጥ፣ ከመጽሐፍ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ መጽሐፍ። እኔው ነኝ «ፀሐይ ላይ አትውጪ» የምላት።

ባለሙያዋ፦ ማለዳና ወደ ማታ ትውጣ፤ ጥላ ሥርም ቢሆን የውጭ ብርሃን ከክፍል ብርሃን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አሁን የተቀመጥንበት ማንጎ ሥር እንኳ። ግን ሐቁን ልንገርዎ፤ የውጭ ብርሃን ይበልጥ የሚጠቅመው ገና ላልጀመረው ልጅ ነው። ለእሷ የሚሰጠው ጥቅም አነስ ይላል። ታናሽ ወንድሟን ግን ከአሁኑ ያስወጡት። ምሥራቅ እስያ ከተሞች ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ከሚጨርሱት ከአስሩ ስምንት ያህሉ መነጽረኛ ናቸው። እኛ እዚያ አልደረስንም፤ ትምህርቱንም ሳንቀንስ እዚያ ሳንደርስ መቆየት እንችላለን።

መምህሩ፦ የሌሎቹንስ ልጆች ነገር? ክፍሌ ውስጥ የኔ ልጅ ብቻ አትሆንም። ኢታንግና ጀዊ የስደተኛ መጠለያዎች የሚያስተምሩ ባልደረቦች አሉኝ፤ የእነሱ ክፍል ከኔም የተጨናነቀ ነው። ኋላ የተቀመጠ ልጅ ዓይኑ ይሁን ሰሌዳው ይሁን ማን ያውቅለታል?

ባለሙያዋ፦ መምህሩ ያውቅለታል። ባለ ኢ ፊደሉን የዓይን መለኪያ ሰሌዳ አዘጋጅልዎታለሁ። ፊደል ማወቅ አይጠይቅም፤ ልጁ የፊደሉ እግር ወደየት እንደዞረ በጣቱ ያመለክታል። ስድስት ሜትር ይለኩና መስመር ያሰምሩ። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሳይጫን ሸፍኖ በሌላው፣ ከዚያ በተራው። እኔ የማሳይዎትን መስመር ያልቻለውን ስሙን ይጻፉ፤ ለእኔ ያምጡልኝ። ስለ ማይነስና ፕላስ አይጨነቁ፤ የእርስዎ ሥራ መለየት ብቻ ነው።

መምህሩ፦ ስድስት ሜትር። የኔ ክፍል በርዝመቱ ይበቃል፤ ለሌሎቹ ደጅ እናሰምራለን። በዚህ ሳምንት መጀመር እችላለሁ?

ባለሙያዋ፦ ነገ ሰው ይላኩና ሰሌዳውን ይውሰድልዎ። አንድ ነገር ግን ቀረ፤ የልጅዎ ቁጥር። ሦስት ተኩል ሲባል ዓይኗ ውስጥ ጠብታ ተደርጎ ነው የተለካችው?

መምህሩ፦ ጠብታ? የለም። ማሽን ላይ አገጯን አስደግፈው ነው፤ ቶሎ ነው ያለቀው።

ባለሙያዋ፦ እንግዲያው አዲሶቹን መነጽሮች ከማሠራትዎ በፊት እንደገና እንለካት። የልጅ ዓይን ማሽኑን ሲያይ ራሱን ይወጥራል፤ ማይነሱም ከእውነተኛው በልጦ ሊወጣ ይችላል። የሚወጥረውን ጡንቻ የሚያሳርፍ ጠብታ አለ። እሱ ከተደረገላት በኋላ የሚወጣው ቁጥር ነው የራሷ። ቆቧንም እገለብጣለሁ፤ የዓይኗን የኋላ ክፍልም አያለሁ። ብቻ ከጠብታው በኋላ ብርሃን ይወጋታል፣ የቅርብም ይደበዝዝባታል፤ ያን ቀንና ምናልባት ማግስቱን ማንበብ ያስቸግራታል። ፈተና አለባት?

መምህሩ፦ ሐሙስ ትጨርሳለች።

ባለሙያዋ፦ አርብ ከሰዓት ያምጧት። ኮፍያ ታድርግ።